ሽማግሌ የሚያባርር ውሻ

አመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ። እኛ ቤት የነበረው ውሻ ግን አመሉ እሱን ከመሐል አላወጣውም፤ ይልቅ እኔን ከአባቴ ቤት እንዳልወጣ አድርጎ ሊያስቀረኝ ነበር። ቆሜ ልቀር የነበረው በውሻ ምክንያት ነው ስል የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ እኔ ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አቃቂ ላይ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የሚተከልበት፣ ጠዋት ጡሩምባው ሲጮህ ግማሹ ሰፈር ሲወጣ ግማሹ የሚገባበት ጊዜ። እኔና አባቴ ብቻችንን ነበር የምንኖረው፣ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳንርቅ። እናቴ ያረፈችው እኔ ገና ፊደል ሳልጨርስ ነው። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው፣ ዕቃ ወድቆ ጉልበታቸውን ሲሰብራቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔ ደግሞ ፋብሪካ ገባሁ፣ ፈትል ክፍል።

ውሻውን ያመጡት አባቴ ናቸው። ጣቢያው ላይ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ለስንብት ሰጣቸው። ሌላ ሰው ሲሰናበት ሰዓት ይሰጣል፣ ኮት ይሰጣል። እሱ ውሻ ሰጠ!

ውሻ ስል ደግሞ የኛን አገር ውሻ እንዳታስቡ። ድንክ ነገር ነው። ቁመቱ ከጫማ ሳጥን አይበልጥም፤ ጸጉሩ ነጭና ብን ብን ያለ፣ ማታ ከማሽን ሥር ጠርገን የምናወጣውን የጥጥ ብናኝ ይመስላል። ዓይኖቹ በጸጉር ተሸፍነው ከየት እንደሚያይ አይታወቅም፤ ግን የማያየው ነገር አልነበረም። ስምም ነበረው፣ የፈረንጅ ስም። የሰፈሩ ሰው እንደየአፉ እየገጣጠመ ይጠራዋል፣ እሱ ደግሞ ለአንዱም አይዞርም። «ና» ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ። «ሂድ» ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ። ሥጋ ቤት ደጃፍ የቢላ ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮው ከኛ ከሁላችን ይበልጣል።

ግትርነቱን እንዴት ልንገራችሁ! አንድ ቀን በገመድ አስሬ ወደ ገበያ ይዤው ስወጣ መንገዱ መሐል ላይ ተቀመጠ። ጎተትኩት፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ መጣ እንጂ አልተነሳም። ከኋላችን ጋሪ መጥቶ ቆመ፣ ከጋሪው ኋላ ሌላ ጋሪ ቆመ። ባለጋሪው መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ «እህቴ፣ በይ እሱን እዚህ አሳፍሪልኝና አንቺ በእግርሽ ነይ» አለኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ፤ ደረቴ ላይ ሆኖ ሰፈሩን ግራና ቀኝ እየቃኘ። ያኔ ነው የጠላሁት መሰለኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ካልሲ ይሰርቃል። ሁለቱን አይወስድም፣ አንዱን ብቻ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፣ ግን አይለቅም። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ አብሮ ይጮሃል፤ ጡሩምባው ይበቃዋል፣ እሱ አይበቃውም። ከሁሉ የከፋው ግን ጋቢ የለበሰና ዱላ የያዘ ሰው ሲያይ የሚያደርገው ነው። እንደ እብድ ይነሳል። ከጋቢው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቁርጭምጭሚት ይፈልጋል። ለምን ጋቢ እንደጠላ እንጃለት፤ ፈረንጁ ቤት ጋቢ አላየ ይሆናል። አቃቂ ላይ ደግሞ ጋቢና ዱላ የሌለው አዛውንት ከየት ይመጣል?

ይህ ሁሉ እንደ ጨዋታ ያልፍ ነበር፣ ያ ሰው ባይመጣ።

ያ ሰው የፋብሪካችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሳሪስ ከእናቱ ጋር የሚኖር። ማሽኔ በተበላሸ ቁጥር ይመጣል። በኋላ ሳይበላሽም ይመጣ ጀመር። ካቦአችን አንድ ቀን «የዚች ልጅ ማሽን ብቻ ነው እንዴ መብራት የሚበላው?» ብሎ በሰው ፊት ሲጠይቅ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ወሬው እንዲህ ከወጣ ወዲያ መደበቁ ምን ያደርጋል? ያ ሰውም ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ። ላክ አልኩት። ወደድኩት፣ ምን ልደብቃችሁ፤ ስቆ የሚያስቅ፣ ሲቆጣ የማያስፈራ ሰው ነበር።

ሽማግሌዎቹ በሐምሌ ውስጥ በአንዱ እሁድ መጡ፣ ሦስት ሆነው፣ ጭቃውን እየዘለሉ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ የልጅቱ አባት ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ሽማግሌዎቹ ደጅ ሆነው «ቤቶች!» ይላሉ፣ ግቡ ሲባሉ ይገባሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ነውር ስለሆነ አባት «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እኔም ይህን ሁሉ ልሰማ ከመጋረጃው ኋላ ተሰይሜአለሁ።

«ቤቶች!» ከማለታቸው ነጩ ጉድ ተፈተለከ። ትልቁ ሽማግሌ፣ የልጁ አጎት ናቸው፣ ዱላቸውን ቢያነሱ ባሰበት። የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሶ ጎተተ፣ እሳቸውም ጎተቱ፣ በመጨረሻ ጋቢው ከትከሻቸው ወርዶ ጭቃው ላይ ተዘረጋ። ውሻው ላዩ ላይ ወጥቶ ቆመና ጮኸ። አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ተው፣ ተው አንተ!» አሉ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ አድርገው። ሽማግሌዎቹ ጋቢውን ከጭቃ አንስተው፣ የመጡበትን ሳይናገሩ ተመለሱ።

በማግስቱ ያ ሰው ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። «እናቴ ገዱ አላማረኝም ብላለች» አለኝ። «በስንት ልመና ነው አንድ ጊዜ እንዲመለሱ የፈቀደችው። ፍልሰታ በተፈታ ባለው እሁድ ይመጣሉ። ሁለተኛ ከተባረሩ ግን ቤቱ እምቢ አለ ማለት ነው፣ ሌላ እፈልግልሃለሁ እያለች ነው። የምትፈልግልኝንም አውቃታለሁ። እባክሽ፣ ያን ውሻ አንድ በይው!»

እንግዲህ በዚያ ዘመን እናት ገድ አላማረኝም ካለች ነገሩ አበቃ ማለት ነው። የእኔ ትዳር የተንጠለጠለው ከአንድ የጥጥ ብናኝ ከሚመስል ውሻ አፍ ላይ ሆነ። አበስኩ ገበርኩ!

እሰሪው ትሉኝ ይሆናል። አሰርኩት፤ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸ፣ ሳሪስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አባቴም «ፍጥረት ነው፣ ያሳዝናል» ብለው ፈቱት። ጎረቤት ወስጄ ዘጋሁበት፤ በአጥሩ ሥር ቆፍሮ ከኔ ቀድሞ ቤት ተገኘ። ለሰው እንስጠው ስል አባቴ ተቆጡ፤ «የሰው አደራ ነው፣ አደራ ይበላል እንዴ?» አሉ። በነጠላ ጫማ መታሁት፤ ነጠላ ጫማዋን ሰረቀኝ፣ ያውም አንዷን። ካልሲ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ፤ ጠዋት ሳስነጥስ ያየሁት እኔ ራሴን ነው፣ እሱ ሌላውን ካልሲ ወስዶ ተኝቷል።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ለምሳ ቀርበናል፤ አባቴ፣ እኔና ጎረቤታችን እትዬ። እትዬ ማለት ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ሳቃቸው ከቤታቸው ቀድሞ እኛ ቤት የሚደርስ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጠጉሬን የሠሩኝ። ውሻው ገበታው ሥር ሆኖ መጮህ ጀመረ። እትዬ «ኧረ ይኼን አፉን ዝጉልኝ!» አሉና ሽሮ የጠቀሰ እንጀራ ጠቅለል አድርገው ወረወሩለት። ዋጠና ዝም አለ። ከዚያ «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙት። ሁለተኛውን እንደዋጠ ወደ አባቴ ዞሮ ጮኸ። አባቴ አንድ ሰጡት፤ አንድ ያጣላልና ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔም እጄን ሰነዘርኩ፣ ሰንዝሬ ቆምኩ።

ወይ ጉድ! ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን በጮኸ ቁጥር ይበላል። እስከ ዛሬ አመል አለበት ስንል የኖርነው እኛው በጉርሻ ያስተማርነውን ነው። ያውም በወጉ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት እያደረግን።

እዚያው ገበታ ላይ አወጅኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሲጮህ የሚያጎርሰው ሰው እንዳይኖር። ዝም ሲል፣ ቁጭ ሲል፣ እኔ እሰጠዋለሁ። አባቴ «ደግ ነው፣ ደግ ነው» አሉ፤ አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡና ወጡ። እትዬ ግን አመፁ። «ዓይኑን እንዲህ አፍጥጦብኝ እንዴት ብዬ ብቻዬን ልዋጥ? ቁርጠት ይዞኝ ብሞትስ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ዓይኑ እኮ በጸጉር ተሸፍኗል፣ አይታይም» አልኳቸው። «ይኼ ነው የባሰው፣ የት እንዳረፈብኝ አላውቅም!» አሉ። ውሻውን ማስተማር ምን አላት፤ ሰዉን ነው እንጂ!

ደግሞ በምን ላባብለው? ሽሮ ሰልችቶታል፣ ሥጋ ቤቱ በጾም ዝግ ነው። መፍትሔው አጥራችን ጥግ ሱቅ የነበራቸው የስልጤ ነጋዴ ሆኑ። እሳቸው ፍልሰታ የለባቸውም፤ ቤታቸው ሥጋ አይጠፋም። አጥንት ካለ ብዬ ስጠይቅ ሚዛናቸውን ትተው ቀና አሉ። «በፍልሰታ አጥንት ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለውሻው ነው።»

«ውሻው ስምሽን አጥፍቶ፣ አንቺ ደግሞ የሱን ስም ታጠፊያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። «ግዴለም፣ ለቄሱ አልናገርም።» ወደ ጓሮ ተጣርተው ግን ሥጋ ያልተለየው አጥንት በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከዚያም በየቀኑ ያስቀምጡልኝ ነበር። ነገሬን ሰፈሩ ሁሉ አውቆት ኖሯል።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ማታ ማታ እትዬ የባላቸውን ጋቢ ይለብሳሉ፣ ዱላ ይይዛሉ፣ ድምፃቸውን አወፍረው ከደጅ «ቤቶች!» ይላሉ። እኔ ውስጥ አጥንቱን ይዤ ከውሻው አጠገብ። በመጀመሪያው ቀን እትዬን እስከ በራቸው ሸኛቸው። በሁለተኛው ቀን በሳቅ ወድቀው ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ባላቸው ወጥተው ሚስታቸውን በራሳቸው ጋቢ ተጠቅልላ ጭቃ ላይ ሲያዩ «ይኼ ቤት ጤና የለውም» ብለው ተመለሱ። ግን ጮኾ ምንም እንደማያገኝ፣ ዝም ካለ ግን አጥንት እንደሚመጣ ቀስ በቀስ ገባው። አንድ ማታ እትዬ ገቡ፣ ውሻው ቁጭ ብሎ አያቸው። ጋቢያቸውን አራገፉ፣ አያቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ፣ ዓይኑን ወደ እጄ መለሰ። እልል ልል ምን ቀረኝ! አቅፌ ሳምኩት፣ ያን ሁሉ ጭቃውን።

በማግስቱ ማታ እትዬ በኩራት ገቡና ጋቢያቸው ተቀደደ።

ምን ሆነ? እንደገና ጀመርኩ። ማታ ዝም ያሰኘሁት ውሻ በማግስቱ ማታ ከበፊቱ ብሶ ይጠብቀኛል። ድሮ የሚጮኸው ደጃፉ ላይ ነበር፤ አሁን አጥሩን አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣል። ድሮ የጋቢውን ጫፍ ነበር የሚይዘው፤ አሁን ዘሎ ከወገብ ይጀምራል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አልኩ። እትዬ ግን የተቀደደውን ጋቢ እየሰፉ «ይኼ ውሻ ቀን ቀን ሌላ ትምህርት ቤት የሚገባ ይመስለኛል» አሉኝ። እንደ ቀልድ ሰማኋቸው። አባቴ ጥግ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ቀና አላሉም።

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሁሉ ቀጥ አለ፣ ከምሳ በፊት ወደ ቤታችሁ ተባልን። ዝናብ ያካፋል፤ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አድርጌ በሱቁ በኩል ባለችው ማቋረጫ መጣሁ። ከአጥራችን ልደርስ ስል የወፈረ ድምፅ ሰማሁ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!»

ሽማግሌዎቹ ያለቀናቸው መጡ ብዬ በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየሁ።

አባቴ ናቸው። የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ በዚያ ጉልበታቸው ከደጃችን ውጪ ጭቃው ላይ ቆመዋል። ውሻው ከቤት ተወንጭፎ መጣ፣ ዘለለባቸው፣ ጋቢያቸውን ይዞ አርገፈገፈ። አባቴም ጎንበስ ብለው «ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ! እንዲያ ነው!» አሉት፤ ከኪሳቸው ስኳር የነካ ዳቦ አወጡና አጎረሱት። ከዚያ ደገሙት። ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ኋላ ወጡና ድምፃቸውን አወፍረው እንደገና፦ «ቤቶች!»

የአጥሩን ጥግ ዞሬ ደረስኩባቸው። «አባባ!»

ዱላው ከእጃቸው ወደቀ። ውሻው ጮኸብኝ። አባቴ «መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጠፋ! እርስዎስ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዲያው ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ...»

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ! ለአባት አይባልም እንጂ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። በእድሜዬ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን አደረግሁት። «ቆሜ እንድቀር ነው የሚፈልጉት? ማታ እኔ ሳስተምር ቀን እርስዎ ያፈርሳሉ? እትዬ ጭቃ ላይ ሲንከባለሉ፣ እኔ አጥንት ስለምን፣ እዚያ ጥግ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር?» ስል እንባዬ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። ንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

እያነከሱ ገቡና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውሻው ተከትሎ ዘለለና ጭናቸው ላይ ተኛ፤ እጃቸውን ጸጉሩ ውስጥ አስገቡ። የተናገሩት ወደ እኔ ሳያዩ ነው።

«ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። አስጠይቄአለሁ፣ ሳሪስ ድረስ ሰው ልኬ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ቢሆን እምቢ እላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። እሺ ማለት ደግሞ አቃተኝ። እሱ ይበልልኝ ብዬ ነው።» ውሻውን በአገጫቸው አመለከቱ። «እናትሽ ስትሄድ አንቺ ነበርሽ። ማታ ጡሩምባው ሲጮህ በሩን የማየው አንቺን ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ ሲጮህ ማንን ብዬ ነው የማየው?»

«ሳሪስ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፣ አውቶቡስ አለ» አልኩ። «አውቶቡሱንማ አውቀዋለሁ» አሉኝ። አሳዘኑኝ። ግን ንዴቴም አልበረደ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ደህና እደሪ፣ ደህና ይደሩ። እኔም ማስተማሩን ተውኩት። የሚያስተምሩት ሁለት ሲሆኑ ምን ይሆናል? እሁድ የሚሆነውን እግዜር ይወቀው አልኩ፤ ለእትዬም አልነገርኳቸውም፣ አባቴን ሰው እንዲስቅባቸው አልፈለግሁም።

ጾሙ ተፈታ፣ እሁድ ደረሰ። ቤቱን አጽድቼ፣ ዶሮውን ሠርቼ፣ ከመጋረጃዬ ኋላ ገባሁ። አባቴ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዱላቸው ላይ አድርገው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ውሻው ከእግራቸው ሥር። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ላነብ ሞከርኩ፤ እንደተዘጋ በር ነበር።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!»

ውሻው ተፈተለከ። የአባቴን ትምህርት በሚገባ ተምሮ ነበር፤ አጥሩን አልፎ ሦስቱንም ከመንገዱ ወዲያ አደረሳቸው። የአንዱ ጥላ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ የትልቁ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፦ «በቃ ወንድሞቼ፣ እንመለስ። ፈጣሪ ያልፈቀደውን በግድ አይሆንም።»

መጋረጃውን ጨበጥኩ። ልሩጥ? ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ብቅ አትልም። ልጩህ? ማን ብዬ? አባቴን አየኋቸው። ዱላቸው ላይ ያለው እጃቸው ጅማቱ ተገታትሯል። የሽማግሌዎቹ እግር ጭቃውን ሲረግጥ፣ እየራቀ ሲሄድ ይሰማል።

አባቴ ተነሡ።

የልጅቱ አባት አይነሣም አልኳችሁ። እሳቸው ተነሡ፣ ዱላቸውን እንኳ ሳይዙ፣ እያነከሱ ወደ ዝናቡ ወጡ። መንገዱ ድረስ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ውሻውን አነሡትና ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት፤ ከውስጥ ይጮሃል፣ እሳቸው በክንዳቸው አጥብቀው ይዘውታል። «ጌቶቼ፣ ተመለሱ» አሉ። «ተመለሱ፣ ግቡ።»

ትልቁ ሽማግሌ ደንግጠው «ኧረ ምን ሲደረግ! እርስዎ አባት ነዎት፣ እንዴት እኛን ሊቀበሉ ይወጣሉ?» አሉ።

«ውሻውን እንዲህ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። «እኔው ልያዘው እንጂ ማን ይያዘው?»

ገቡ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ተደርድረው ቆሙ፤ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያን ረጅሙን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ። አባቴ አቋረጧቸው። «ተቀመጡ። ቀጠሮ አልሰጥም።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። እምቢ የተባሉ ነው የመሰላቸው። እኔም የመሰለኝ እንዲያ ነው።

«ሰጥቻችኋለሁ» አሉ አባቴ። ውሻው ጋቢያቸው ውስጥ ጸጥ ብሏል። «ቀጠሮ ከሰጠሁ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ዛሬውኑ ውሰዱት ቃሌን። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ።»

«ይዘዙን» አሉ ሽማግሌው።

አባቴ የውሻውን ራስ በጋቢያቸው ላይ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሁድ እሁድ መልሱልኝ» አሉ።

ሽማግሌ ነኝ ብሎ የመጣ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነው የቆምኩት። ያቺን ቃል ለመስማት ያን ያህል ስለፋ ከርሜ፣ ይኸው ሰማኋት። ከዚያ ቤት መውጣት የፈራሁትም ያን ጊዜ ነው።